የሩማን ጉድጓድ የገዙት ባለጸጋ፦ ሰይዲና ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.)

በረመዳን እጃችን ይፈታል። ዘካ ይወጣል፣ ለጎረቤት ማፍጠሪያ ይላካል፣ የተቸገረ ዘመድ ይታሰባል። ዒድ ካለፈ በኋላ ግን ብዙዎቻችን በልባችን የምንይዘው ነገር አለ፤ የሰጠነው ሰው አመሰገነን ወይስ ረሳን እያልን እንቆጥራለን። ዛሬ የምናነሳቸው ሰው ሕይወት ለዚህ ሒሳብ መልስ አለው። ከሶሐቦች መካከል በሀብታቸውም በልግስናቸውም የታወቁት ሰይዲና ዑስማን ለሕዝብ ውሃ ገዝተው ሰጡ፤ በመጨረሻ ዘመናቸውም ያንኑ ውሃ ተከለከሉ።

ዑስማን ኢብኑ ዐፋን በ576 እ.ኤ.አ. አካባቢ ከቁረይሽ ከበኑ ኡመያ ጎሳ ተወለዱ። አባታቸው ዐፋን ነጋዴ ነበሩ፤ ሲሞቱም ብዙ ሀብት ተዉላቸው። ልጅየው ውርሱን ተቀምጠው አልበሉትም፤ በጨርቅ ንግድ አሳደጉት። ገንዘባቸውንም በቂራድ ለሌሎች ይሰጡ እንደነበር ኢማም ማሊክ በሙወጠእ መዝግበውታል። በቂራድ አንዱ ገንዘብ ያወጣል፣ ሌላው ጉልበቱንና ችሎታውን ያመጣል፤ ትርፉን በተስማሙበት መጠን ይካፈላሉ። ያለ ሠራተኛው ጥፋት ንግዱ ቢከስር ገንዘቡ የጠፋው ከባለገንዘቡ ነው። ወለድ የሚባል ነገር የለበትም። ጉልበት ኖሮት መነሻ ያጣ ሰው በዚህ መንገድ ራሱን ይችላል።

በአቡበከር (ረ.ዐ.) ጥሪ ቀድመው ከሰለሙት አንዱ ናቸው። አጎታቸው አል-ሐከም አስረው ሊያስጥሏቸው ቢሞክሩም አልተሳካላቸውም። የመካ ሙሽሪኮች ስቃይ ሲበረታ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነቢይ ሆነው በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ በ615 እ.ኤ.አ.፣ ዑስማን ከባለቤታቸው ከነቢዩ ልጅ ከሩቀያ ጋር ባሕር ተሻግረው ወደ ሀገራችን ተሰደዱ። ገበያውንና ደንበኛውን ትተው የመጡት ባለጸጋ በሐበሻ ምድር በንጉሡ በነጃሺ ፍትሕ የተጠለሉ ስደተኛ ሆኑ። ሰጪው ሰው የእንግድነትን ኑሮ የቀመሱት እዚህ ነው።

ወደ መዲና ከተሰደዱ በኋላ ሙሃጂሮቹን የቸገራቸው አንዱ ነገር ንጹሕ ውሃ ነበር። ጥሩ ውሃ የነበረው ሩማ የተባለው ጉድጓድ ባለቤቱ ውሃውን ይሸጥ ነበር፤ ድሃው ግን የሚከፍለው አልነበረውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጉድጓዱን ገዝቶ ለሙስሊሞች ለሚያደርግ ሰው ጀነትን ቃል ገቡ። ከዘገባዎቹ አንዱ እንደሚለው ዑስማን በመጀመሪያ ግማሹን በ12,000 ድርሃም ገዙ፤ አንዱ ቀን የእሳቸው፣ ሌላው የባለቤቱ እንዲሆን ተስማሙ። በዑስማን ቀን ሕዝቡ የሁለት ቀን ውሃ በነጻ እየቀዳ ስለሚሄድ በማግስቱ የሚገዛ ጠፋ። ባለቤቱም የቀረውን ግማሽ በ8,000 ድርሃም ሸጠላቸው። ዑስማን ጉድጓዱን ወቅፍ አደረጉት። ወቅፍ የሆነ ንብረት አይሸጥም፣ አይወረስም፤ ጥቅሙ የሕዝብ ነው። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛውም ሰው ተራ ቀጂ ሆኑ።

በ2ኛው ዓመተ ሂጅራ ረመዳን የበድር ዘመቻ ሲደረግ ሩቀያ ታመው ስለነበር፣ ዑስማን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ትእዛዝ እያስታመሙ ቀሩ። የድሉ ዜና መዲና ሲደርስ ሩቀያ ዐርፈው ነበር። ነቢዩ ለዑስማን የዘማች ድርሻ ሰጧቸው፤ በኋላም ሌላዋን ልጃቸውን ኡሙ ኩልሡምን ዳሩላቸው። ባለ ሁለት ብርሃን የተባሉት በዚህ ነው።

የነቢዩ መስጂድ ሲጠብ በአጠገቡ ያለውን መሬት ገዝተው ጨመሩ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በሐሩርና በችግር ወቅት የተቡክ ዘመቻ ሲታወጅ፣ 300 ግመል ከነሙሉ ዕቃው ሰጡ፤ 1,000 ዲናርም አምጥተው በነቢዩ ጭን ላይ አፈሰሱ።

በ644 እ.ኤ.አ. ሦስተኛው ኸሊፋ ሆኑ። በዘመናቸው በዘይድ ኢብኑ ሣቢት የሚመራ ጉባኤ ቁርኣንን በአንድ አጻጻፍ ገልብጦ ወደየከተማው ላከ። በተራዊህና በሱሑር ሰዓት የምንከፍተው ሙስሐፍ አጻጻፉ ዛሬም በስማቸው ይጠራል። በኋለኞቹ ዓመታት ግን ዘመዶቻቸውን በሹመት አብዝተዋል የሚል ቅሬታ ተነሳ፤ ቅሬታው ወደ ዐመፅ ተለወጠ። ከግብፅ፣ ከኩፋና ከበስራ የመጡ ሰዎች ለ40 ቀን ገደማ ቤታቸውን ከበቡ።

ከበባው ሲጠና ውሃ ከለከሏቸው። ሩማን ለሕዝብ የሰጡት ሽማግሌ የሩማን ውሃ አጡ። የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሐቢባ ውሃ ይዘው ሲመጡ ተመለሱ። ዑስማን ከቤታቸው ሆነው ጉድጓዱን ማን እንደገዛው፣ የተቡክን ጦር ማን እንዳስታጠቀ ለከበቧቸው አስታወሱ። ሰዎቹ እውነት መሆኑን አልካዱም፤ መንገዱንም አልከፈቱም።

ኸሊፋው ጦር መጥራት ይችሉ ነበር። የዐሊይ ልጅ ሐሰን፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዙበይርና አቡ ሁረይራ በር ላይ ቆመው ሊዋጉላቸው ዝግጁ ነበሩ። እሳቸው ግን በእሳቸው ምክንያት የሙስሊም ደም እንዳይፈስ ብለው ሰይፍ እንዲከቱ አዘዙ። በ35ኛው ዓመተ ሂጅራ በዙልሒጃ 18 ቀን፣ በ656 እ.ኤ.አ.፣ እንደጾሙ ቁርኣን እየቀሩ ተገደሉ። ዕድሜያቸው በጨረቃ አቆጣጠር 82 ገደማ ነበር።

አስተውሉ፤ በዚያ ሁሉ የከበባ ቀን ሩማ ወቅፍነቱ አልተሻረም። ዑስማን ውለታቸው ስለተካደ ስጦታቸውን አልመለሱም። ጉድጓዱ ዛሬም በመዲና ሰሜን ምዕራብ በስማቸው ይታወቃል፤ በዙሪያውም የተምር ዛፎች አሉ። የከለከሏቸው ሰዎች አለፉ፤ ወቅፉ ግን አለ።

እኛ በምንኖርበት በኦቶና ታማሚ ይዘው ከሩቅ ወረዳ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡ አስታማሚዎችን በየቀኑ እናያለን። እንግዳ ናቸው፤ ነገ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ዳግም ላናገኛቸው እንችላለን። ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ አዋጥተው በደጃቸው አንድ ሮቶ አቁመው ቧንቧውን ለመንገደኛ ቢተዉ፣ ወይም ሙያ ላለው ወጣት በቂራድ መነሻ ቢሰጡ፣ ምንዳው ከአላህ ነው። የጠጣው ሰው ስማችንን ባያውቀው፣ ቢያውቀውም ቢረሳው፣ ከምንዳችን የሚጎድል የለም። ልጆቻችንም ከእኛ ይህን ቢያዩ ይማሩታል።

አላህ (ሱ.ወ.) ጾማችንንና ሰደቃችንን ይቀበለን፤ ከሰጠን በኋላ ከመመጻደቅም ይጠብቀን። አሚን።