ጆ ሉዊስ፦ ቡጢና አንጎል
ከወገዳ የመጣን እጩ መምህራን ቡጢ ስንለማመድ፣ በሶ በጥብጠን ከጠጣን ጭንቅላታችንም የሚጠነክር ይመስለን ነበር። የጆ ሉዊስን ሕይወት ስናነብ ነው የደነገጥነው።

ጆ በ1906 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ አላባማ፣ ከጥጥ ጭሰኛ ቤተሰብ ተወለደ። ጣሊያን አገራችንን ለመውረር ስትዘጋጅ፣ ሰኔ 18 ቀን 1927 ዓ.ም. ኒውዮርክ ላይ 89 ኪሎው ጆ 118 ኪሎውን ጣሊያናዊ ፕሪሞ ካርኔራን በ6ኛው ዙር ዘረረው። ብዙ ጥቁሮች ድሉን እንደ ኢትዮጵያ ድል ቆጠሩት፤ እኛም ስናነብ ደስ አለን! ከ1929 እስከ 1941 የዓለም ሻምፒዮን ነበር።

በ1962 ግን አእምሮው ታውኮ ሆስፒታል ገባ፤ ሚያዝያ 4 ቀን 1973 አረፈ። ሕመሙን ያመጣው ቡጢ ብቻ ነው አንልም። ይሁንና ጭንቅላት ደጋግሞ ሲመታ አንጎል ይናወጣል፣ ይጎዳልም። በሶ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ያንን አይከላከልም። አሁን የምንመታው አሸዋ የሞላንበትን ጆንያ ነው።