የእናቶች ባለውለታ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን

በወሊድ ምክንያት በሚደርስ የፊስቱላ ጉዳት ለሚሠቃዩ ኢትዮጵያውያን እናቶች ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ካገለገሉ ሐኪሞች መካከል ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ።

ዶክተር ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1908 በኒውዚላንድ ናፒየር ከተማ ተወለዱ። በአውስትራሊያ ሲድኒ በሚገኘው የክራውን ስትሪት የሴቶች ሆስፒታል በኃላፊነት ሲሠሩም በእርግዝና ወቅት የሚከሰተውን የኤክላምፕሲያ ሕመም ለመከላከል ባደረጉት ጥረት ታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1950 ከሙያ ባልደረባቸው ከዶክተር ካትሪን ኒኮልሰን ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ።

ባልና ሚስቱ እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ማሠልጠኛ ለማቋቋም የሦስት ዓመት ውል ፈርመው አዲስ አበባ ገቡ። በዚያም ከዚህ ቀደም አይተውት የማያውቁት ጉዳት ገጠማቸው። ለቀናት በምጥ ተይዘው ልጃቸውን ያጡና ሽንታቸውን መቆጣጠር የተሳናቸው ሴቶች ከሩቅ ገጠር ተጉዘው ይመጡ ነበር። ሐኪሞቹም በሌሎች አገሮች የተጻፉ የሕክምና ጽሑፎችን እያጠኑ ቀዶ ሕክምናውን ጀመሩ። የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ አገልግሎት ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1974ም ሕክምናውን በነፃ የሚሰጠውን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል መሠረቱ።

በዚህ ሕክምና ቀዶ ጥገናው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የተሰፋው ፊኛ እስኪድን ድረስ ሽንት ለ14 ቀናት ያህል በካቴተር፣ ማለትም በሽንት ቱቦ አማካይነት መውጣት አለበት። ቱቦው ቢዘጋ ፊኛው ተወጥሮ ስፌቱ ሊለቅ ይችላል። በቱቦው ላይ ተጣብቀው የሚራቡ ባክቴሪያዎችም ኢንፌክሽን ያስከትላሉ። ስለሆነም ታካሚዋ ውኃ በብዛት መጠጣቷን፣ ቱቦው ሳይቋረጥ መፍሰሱንና አልጋዋ ደረቅ መሆኑን ሌት ተቀን መከታተል ግድ ይላል። በሆስፒታሉ ይህን ክትትል ከሚያከናውኑት ረዳቶች ብዙዎቹ ቀደም ሲል በዚያው ታክመው የዳኑ ሴቶች ናቸው።

ቱቦውን ራሱን ኢንፌክሽን እንዲቋቋም አድርጎ ለመሥራት በዓለም ዙሪያ ጥረት ተደርጓል። አሜሪካዊው ሐኪም ፍሬደሪክ ፎሊ በ1930ዎቹ ያስተዋወቁት ባለ ፊኛ ቱቦ ከጎማ የሚሠራ ሲሆን፣ በኋላ የሲሊኮን፣ ብር የተቀባና በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት የተነከረ ቱቦ ቀርቧል። በብሪታንያ 24 ሆስፒታሎች ከ7 ሺህ በላይ ታካሚዎችን አሳትፎ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ የታተመው ጥናት ቱቦው እስከ 14 ቀናት ለሚቆይላቸው ታካሚዎች ብር የተቀባው ከተለመደው የተሻለ ጥቅም እንዳላስገኘ አረጋግጧል። መድኃኒት የተነከረው ያስገኘው ቅናሽም አነስተኛ ነበር። በመሆኑም ውድ ቱቦ መግዛት ብቻውን ንጹሕ እጅን፣ በቂ ውኃንና የሠለጠነ ረዳትን አይተካም።

ዶክተር ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1993 በአዲስ አበባ ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 እስካረፉበት ጊዜ ድረስ ሥራውን አስቀጥለዋል። ሕክምናው ከመዲናዋ ውጪ ሲስፋፋ እ.ኤ.አ. በ2006 በይርጋለም ማዕከል ተከፍቷል። በወላይታ ዞን ከኦፋ ወረዳ ዋና ከተማ ከገሱባ ለምትነሣ እናት ከአዲስ አበባ ይልቅ ይርጋለም ይቀርባታል። በተቋሙ እስከ 2020 ድረስ የታከሙት እናቶች ቁጥር ከ60 ሺህ በላይ ደርሷል።

ፊስቱላ በወቅቱ በሚሰጥ የወሊድ አገልግሎት መከላከል የሚቻል ጉዳት ነው። አንዲት እናት ምጧ ሳይራዘም ከጤና ተቋም እንድትደርስ መንገዱን፣ አምቡላንሱንና አዋላጅ ነርሷን አስቀድሞ ማዘጋጀት በየደረጃው የሚገኙ የሥራ ኃላፊዎች ድርሻ ነው። ጉዳቱ ከደረሰ ደግሞ የእነዚያ 14 ቀናት ጥበቃ ሊጓደል አይገባውም።