ቄስ ጉዲና ቱምሳ፦ መንጋቸውን ጥለው ያልሄዱ እረኛ

የኢዮቤልዩ መጽሔታችን አዘጋጆች ለልጆቻችን የሚሆን የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ ያሰብኩት የነገሥታትንና የጦር ጀግኖችን ስም ነበር። በኋላ ግን ሐሳቤን ለወጥኩ። ምክንያቱን ልናገር። ውድ አንባብያን፣ እዚህ ናይሮቢ ኢስሊ ውስጥ ሱቄን የምታውቁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ከባንኮኒው ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ በተለያየ ዘመን የሦስት ፖለቲከኞችን ፎቶግራፍ ሰቅያለሁ። ሦስቱንም በየተራ አውርጃለሁ። ሚስማሩ ግን እስከ ዛሬ እዚያው አለ። በ1997 ዓ.ም. የአገር ቤት ምርጫ ጊዜ እዚያችው ግድግዳ ሥር ሻይ እየጠጡ ሲጨዋወቱ የኖሩ ወዳጆቼ ሰላምታ እስከ መነፋፈግ ደርሰው ነበር። አንዱ ሲሞት ሌላው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ሲንሰቀሰቅ ያየሁት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ በሰው ላይ የተጣለ ተስፋ እንዲህ ያደርጋል።

ስለዚህ ልጆቻችን በፖለቲካ ማዕበል መካከል ቆመው ተስፋቸውን ግን በፖለቲካ ላይ ያልጣሉ አንድ ሰው ቢያውቁ ይጠቅማል ብዬ ቄስ ጉዲና ቱምሳን መረጥኩ። እኔ ያደግኩት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤት ነው፤ እሳቸው ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቄስ ነበሩ። የራሱን ቤት አሞገሰ የሚለኝ አይኖርም ብዬ አምናለሁ። ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ።

ቄስ ጉዲና በ1921 ዓ.ም. በወለጋ፣ ቦጂ በሚባለው አገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚያ አካባቢ የስዊድን ሚስዮናውያን ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ነበራቸው፤ ከዚያ ቀደም ብሎም ኦነሲሞስ ነሲብ ወደ ኦሮምኛ የተረጎሙት መጽሐፍ ቅዱስ በገበሬው ቤት መነበብ ጀምሮ ነበር። ወጣቱ ጉዲና ነቀምቴ ሄደው በሐኪም ቤቱ ድሬሰር ሆኑ። በዚያ ዘመን ድሬሰር መሆን ቀላል ነገር አልነበረም፤ ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ የወር ደመወዝ ያለው፣ በመንደሩ የሚከበር ሰው ማለት ነው። እሳቸው ግን ይህን ትተው ወደ ወንጌል አገልግሎት ገቡ። ከወ/ሮ ፀሐይ ቶለሳ ጋር ትዳር መሥርተው ልጆች ወልደዋል። በ1950 ዓ.ም. የቅስና ማዕረግ ተቀበሉ።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የተቋቋመችው በ1951 ዓ.ም. ሲሆን አባሎቿ ያኔ 20,000 ያህል ነበሩ። ቄስ ጉዲና ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ በሚገኘው የሉተር ሴሚናሪ ለሦስት ዓመት ያህል ተማሩ። ጊዜው የአሜሪካ ጥቁሮች ለመብታቸው አደባባይ የወጡበት ነበር። በ1958 ዓ.ም. ትምህርታቸውን ጨርሰው እንደተመለሱ የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ፕሬዚዳንቱ ደግሞ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት ያገለገሉት አቶ አማኑኤል አብርሃም ነበሩ። አንዱ የቤተ መንግሥቱን ደጅ የሚያውቁ፣ ሌላው ከገበሬ ቤት የወጡ፤ ሁለቱ አብረው ሠሩ።

አሁን ወደ እኛ ከተማ ወደ ናይሮቢ የሚያመጣኝን ነገር ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት፣ በተለይም የጀርመኖቹ፣ ለኢትዮጵያ ገንዘብ ይልኩ ነበር። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በአብዛኛው ለልማት ብቻ እንዲውል ነበር የሚፈልጉት፤ ክሊኒክና ትምህርት ቤት እንሠራለን፣ ለወንጌል ሥራ ግን ይህን ያህል የለንም ይሉ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን አመስግኖ ይቀበል ነበር። እኔም ነጋዴ ነኝና የሚሰጥን እጅ መግፋት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግን ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ቄስ ጉዲና ዋና ተዋናይ የሆኑበትን ደብዳቤ ለዓለም ሉተራውያን ፌዴሬሽን ላከች። የደብዳቤው ፍሬ ነገር ሰውን በሁለት አትክፈሉት የሚል ነው። የሰው ሆድ ሲጠግብ ነፍሱ ብትራብ፣ ወይም ስለ ነፍሱ እየተሰበከለት ልጁ በረሃብ ቢሞት፣ ሁለቱም ሙሉ ሰው የማዳን ሥራ አይደለም። ሀብታም አገር የሚለካው እድገት ብቻውን ሰውን ሰው አያደርገውም፤ የሠለጠኑትም እኮ ውስጣቸው ሊታመም ይችላል ማለታቸው ነበር። ደሃ የሆነች ቤተ ክርስቲያን ይህን ለሀብታሞቹ መናገሯ በዚያ ጊዜ ብዙዎችን አስደንግጧል።

ደብዳቤው ብዙ ካነጋገረ በኋላ ፌዴሬሽኑ ስለዚሁ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ስብሰባ ጠራ። የተካሄደው እዚሁ ናይሮቢ ነው፤ ጥቅምት 1967 ዓ.ም.። ወሩን ልብ በሉ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ከዙፋን ወርደዋል፤ አገር ቤት ሁሉም ነገር ተገለባብጧል፤ እዚህ ደግሞ ከወለጋ ሰው ልብ የወጣው ጥያቄ በጠረጴዛ ዙሪያ ይመከርበታል። ብዙዎቻችን በዚህች ከተማ ስንት ዓመት ስንኖር ይህን አናውቅም ነበር፤ እኔም ያወቅሁት በቅርቡ ነው።

አብዮቱ ሲመጣ ብዙ ክርስቲያን ተደስቷል። ለምን አይደሰት? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የወለጋ ጭሰኛ የራሱን መሬት ማረስ ጀመረ። የመካነ ኢየሱስ ሰዎች በአብዛኛው ገበሬዎች ነበሩና ደስታቸው እውነተኛ ነበር። ቄስ ጉዲናም የፍትሕን ጥያቄ የሚጠሉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ለደሃው መቆም አለባት ብለው ነበር የኖሩት። ሆኖም በዚያው ወቅት ለምእመናን በወጣው የእረኝነት መልእክት ላይ አንድ ወሰን ተሰምሯል። ለውጡ ውስጥ ለሕዝብ የሚበጀውን ሥሩ፤ ነገር ግን የትኛውም የፖለቲካ ርዕዮት ፍጹም እንዳልሆነ፣ የመጨረሻው ቃል የእግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ አትርሱ የሚል ነበር። ደርግ ሶሻሊዝምን ያወጀው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ነው፤ የሶሻሊዝም ዘፈን በየቀበሌው ሲዘፈን ይህን ማለት ቀላል አልነበረም። እኔ ራሴ በትንሽነቴ ያን ዘፈን እጄን ጨብጬ ዘምሬያለሁ።

እዚህ ላይ ስለ ወንድማቸው ሳልናገር ባልፍ እውነት አይሆንም። ታናሽ ወንድማቸው ባሮ ቱምሳ የመድኃኒት ቅመማና የሕግ ትምህርት የተማረ፣ በተማሪዎች እንቅስቃሴ የታወቀ፣ በኋላም ከኦሮሞ ነፃነት ግንባር መሥራቾች አንዱ የሆነ ሰው ነው። በረሃ ገብቶ ከቄስ ጉዲና ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ሞተ። ከአንድ ቤት የወጡ ሁለት ወንድማማች፤ አንዱ ለሕዝቡ የታየው መንገድ ትግል ነበር፣ ሌላው ቤተ ክርስቲያንን ከማንም ወገን ጋር ሳያስሩ ከእነ ነፃነቷ መጠበቅን መረጡ። እኔ በሁለቱ መካከል ዳኛ ልሆን አልተቀመጥኩም። በየቤታችን እንዲህ ያሉ ወንድማማቾች አሉ። ደርግ ግን በወንድማቸው ምክንያትም ጭምር ቄሱን በጥርጣሬ ዓይን ያያቸው ነበር።

ችግሩ ቀስ በቀስ እየጠነከረ ሄደ። መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በሉተራውያን ፌዴሬሽን የተቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ተወረሰ። ጣቢያው በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በስዋሂሊም ጭምር ለምሥራቅ አፍሪካ ያሰራጭ ነበር፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሰፈሩ እስከ ዛሬ ብሥራተ ወንጌል ይባላል። በገጠር ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ፣ አገልጋዮች ታሰሩ። በዚህ ጊዜ ቄስ ጉዲና የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይዘው አልተደበቁም፤ አብያተ ክርስቲያናት ተባብረው የሚመክሩበት ጉባኤ ሲቋቋም ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡ። ተለያይተን ከቆምን አንድ በአንድ እንጠፋለን የሚለው ነገር የገባቸው ይመስለኛል።

ጥቅምት 1971 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ታሰሩ፤ ተፈቱ። በዚያው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ እንደገና ታሰሩ፤ እንደገና ተፈቱ። ሦስተኛው እንደማይቀር ወዳጆቻቸው ሁሉ ያውቁ ነበር። በዚህ ጊዜ ከአገር ማምለጫ መንገድ ተከፈተላቸው። ሙዋሊሙ ጁሊየስ ኔሬሬ፣ የታንዛንያው ፕሬዚዳንት፣ ቄሱ እንዲወጡ ሁኔታ አመቻችተው ነበር። አስቡት እንግዲህ፤ ዳሬሰላም ገብተው በሰላም መኖር፣ ከዚያም ወደ ጄኔቫ ወይም ወደ አሜሪካ መሄድ ይችሉ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚሰብኩ፣ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ ስማቸው የታወቀ ሰው ናቸው፤ የሚቀበላቸው አያጡም።

እምቢ አሉ። የመንጋ እረኛ ሆኜ በመከራ ቀን መንጋዬን ጥዬ ልሂድ ወይ ብለው፣ ሐዋርያው ጳውሎስ በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 15 ላይ የጻፈውን አነሡ፤ ክርስቶስ ስለ ሁሉ ከሞተ ሕያዋን ለራሳቸው መኖር የለባቸውም የሚለውን ሐሳብ ማለት ነው።

ይህን ክፍል ስጽፍ እጄ ተያዘብኝ። እኔ በ1983 ዓ.ም. በሞያሌ በኩል ያመለጥኩ ሰው ነኝ፤ ይህን መጽሔት ከምታነቡት መካከልም ስንቶቻችሁ እንዲሁ አምልጣችሁ ነው የመጣችሁት። የሸሸ ሰው ኃጢአተኛ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጌታችንም በሕፃንነቱ ወደ ግብፅ ተሰዷል። ደግሞም የእሳቸው መቅረት ለመንግሥት ለውጥ ተስፋ አድርገው አልነበረም። ደርግ በዚያን ጊዜ በሶማሊያ ጦርነት አሸንፎ፣ በከተማ ተቃዋሚዎቹን ጨርሶ በጣም የበረታበት ወቅት ነበር። ነገ ይወድቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። በፖለቲካ ሚዛን ከታየ መቅረታቸው ምንም ትርፍ የሌለው ነገር ነው። እኔ በሱቅ ሚዛን የለመድኩ ሰው ብዙ ጊዜ አስቤበት ሂሳቡ አልመጣልኝም። የቀሩት ግን ከዚህ ሚዛን ውጭ በሆነ ነገር ተማምነው ነው።

ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አመሻሽ ላይ አዲስ አበባ በዑራኤል መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ከወ/ሮ ፀሐይ ጋር ሲወጡ ሲቪል የለበሱ ሰዎች ያዟቸው። ቄሱን በሌላ መኪና ወሰዷቸው። ባለቤታቸውን ደግሞ ከከተማ ውጭ አውጥተው ጥለዋቸው ሄዱ። ቄስ ጉዲና በዚያችው ሌሊት ተገደሉ። ዕድሜያቸው 50 ነበር።

መንግሥት ግን የት እንዳሉ አላውቅም አለ። ወ/ሮ ፀሐይ ከእስር ቤት እስር ቤት እየዞሩ ባላቸውን ፈለጉ። ስንቅ የሚቀበላቸው አንድም ቦታ አልነበረም። የካቲት 1972 ዓ.ም. እሳቸውም ተያዙ፤ በምርመራ ብዙ ግርፋትና ሥቃይ ደረሰባቸው። አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ በ1982 ዓ.ም. መባቻ ነው የተፈቱት። ልጆቻቸው ያለ አባት ያለ እናት አደጉ። የቄስ ጉዲናን ስም የሚያነሣ ሰው ሁሉ የእኚህን እናት ስም አብሮ ማንሣት አለበት ባይ ነኝ፤ ሰማዕትነት አንድ ሌሊት ነው፣ የእሳቸው ግን ወደ አሥር ዓመት ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የነካኝ ደግሞ ይህ ነው። በዚያው ክረምት፣ ደርግ ከመንበራቸው አውርዶ ያሰራቸው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሁለተኛው ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም ተገድለዋል። የሁለቱም የመጨረሻ ስፍራ የቀድሞው የልዑል ራስ አስራተ ካሣ ግቢ ነበር። በሕይወት ሳሉ በየራሳቸው መንበር የነበሩ ሁለት እረኞች፤ የአንዱ ምእመን ከሌላው ምእመን ጋር በአንድ ማዕድ ለመቀመጥ በሚያመነታበት ዘመን አንድ ግቢ አፈር በላቸው። እኛ በማኅበራችን ውስጥ የትኛው ቄስ ይባርክ ብለን ስንከራከር ይህን ባስታውስ ኖሮ ብዬ አዝናለሁ፤ ከተከራካሪዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩና።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። በቀጣዩ ዓመት ግቢው ተቆፍሮ አጽማቸው ተገኘ። አቡነ ቴዎፍሎስ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር አረፉ። የቄስ ጉዲና አጽም ደግሞ ሰኔ 20 ቀን 1984 ዓ.ም. ሕዝብ ተሰብስቦ በጸሎት ተቀበረ። ወ/ሮ ፀሐይ በዑራኤል ደጅ ከባላቸው ከተነጠሉበት ማታ 13 ዓመት ሊሞላ አንድ ወር ሲቀረው፣ ያኔ ገና መቃብሩ የት እንደሆነ አወቁ።