ጉንዲ፡ ቡልጋሪያውያን ከሁሉ ያስቀደሙት አጥቂ

የቡልጋሪያ እግር ኳስ ሲነሳ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ህሪስቶ ስቶይችኮቭ ነው። ስቶይችኮቭ እ.አ.አ በ1994 በአሜሪካ በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ስድስት ግቦችን በማስቆጠር የኮከብ ግብ አግቢነትን ክብር የተጋራ፣ ሀገሩን ለአራተኛ ደረጃ ያበቃና በዚያው ዓመት የባሎንዶር ሽልማትን ያነሳ አጥቂ ነው። ይሁን እንጂ እ.አ.አ በ1999 የቡልጋሪያ የክፍለ ዘመኑ ምርጥ ተጫዋች ሲሰየም ክብሩ የተሰጠው ለእርሱ አልነበረም። የተመረጠው ከዚያ 28 ዓመታት ቀደም ብሎ በመኪና አደጋ ሕይወቱ ያለፈው ጊዮርጊ አስፓሩሆቭ ነው። አስፓሩሆቭ በሦስት የዓለም ዋንጫዎች የሀገሩ ቡድን አባል ቢሆንም ቡልጋሪያ በእነዚያ ውድድሮች አንድም ጨዋታ አላሸነፈችም። ታዲያ ሕዝቡ ስለምን አልረሳውም? መልሱ ያለው በአጭር ዕድሜው ውስጥ ነው።

አስፓሩሆቭ የተወለደው እ.አ.አ ሜይ 4 ቀን 1943፣ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1935 ዓ.ም በዋና ከተማዋ ሶፊያ ነው። ጊዮርጊ የሚለው ስሙ እኛ ጊዮርጊስ ከምንለው ስም ጋር አንድ ነው። ወዳጆቹና ደጋፊዎቹ ግን ጉንዲ በሚለው የቁልምጫ ስሙ ይጠሩት ነበር። ያደገበት ክለብ ሌቭስኪ ስሙን ያገኘው ለቡልጋሪያ ነጻነት ሲታገል በኦቶማን አገዛዝ እ.አ.አ በ1873 በስቅላት ከተገደለው ጀግና ከቫሲል ሌቭስኪ ነው። ጉንዲ የዚህን ክለብ ሰማያዊ ማሊያ ለብሶ በዋናው ቡድን መጫወት ሲጀምር ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የውትድርና ግዳጁን ለመወጣት ወደ ፕሎቭዲቭ ከተማ አቀና። በዚያም ለቦቴቭ ክለብ ተሰልፎ እ.አ.አ በ1962 የቡልጋሪያን ዋንጫ አነሳ። በዚያው ዓመት፣ በ19 ዓመቱ፣ ቺሊ ላይ ለተካሄደው የዓለም ዋንጫ ከሀገሩ ቡድን ጋር ተጓዘ። ግዳጁን ሲፈጽምም እ.አ.አ በ1963 ወደ ሌቭስኪ ተመለሰ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከክለቡ አልተለየም።

ጉንዲ ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በአየር ላይ የመጣን ኳስ በጭንቅላቱ በመግጨት የታወቀ፣ ኳስ እግሩ ሥር ስትሆንም ተከላካዮችን አታሎ ማለፍ የሚችል አጥቂ ነበር። በ1964/65 የውድድር ዘመን 27 ግቦችን አስቆጥሮ የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሲሆን ክለቡም ሻምፒዮን ሆነ። ሌቭስኪ እ.አ.አ በ1968 እና በ1970 ሊጉን ሲያሸንፍም የጥቃቱ መሪ እርሱ ነበር። በሀገሪቱ ሊግ በአጠቃላይ ባደረጋቸው 245 ጨዋታዎች 150 ግቦችን አስቆጥሯል።

ለብሔራዊ ቡድኑ በ50 ጨዋታዎች 19 ግቦችን አበርክቷል። ከእነዚህም መካከል ሀገሬው አጥብቆ የሚያስታውሳቸው አሉ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ቡልጋሪያና ቤልጂየም በእኩል ነጥብ በመጨረሳቸው ዕጣቸው በገለልተኛ ሜዳ እንዲለይ ተወሰነ። እ.አ.አ ዲሴምበር 29 ቀን 1965 በጣሊያኗ ፍሎረንስ ቡልጋሪያ 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለቱንም ግቦች ያስቆጠረው ጉንዲ ነው። እንግሊዝ ባዘጋጀችው በዚያ የዓለም ዋንጫ ቡልጋሪያ ያገባችው አንድ ግብ ብቻ ሲሆን፣ እርሱም ሃንጋሪ ላይ በጉንዲ እግር የተገኘ ነበር። እ.አ.አ በዲሴምበር 1968 ደግሞ በዌምብሌይ ስታዲየም የዓለም ሻምፒዮኗን እንግሊዝን ገጥመው 1 ለ 1 ሲለያዩ የቡልጋሪያን ግብ ያስቆጠረው እርሱ ነው።

ዝናው ድንበር መሻገሩ አልቀረም። በ1965/66 የአውሮፓ ክለቦች ዋንጫ ሌቭስኪ ዩዜቢዮ ይጫወትበት ከነበረው ቤንፊካ ጋር ተገናኝቶ ሶፊያ ላይ 2 ለ 2 ተለያይቷል፤ ሊዝበን ላይም 3 ለ 2 ተሸንፎ በአንድ ግብ ልዩነት ብቻ ከውድድሩ ወጥቷል። እ.አ.አ በ1967 ደግሞ ከኤሲ ሚላን ጋር ተጫውቷል። ታላላቆቹ የምዕራብ አውሮፓ ክለቦች ጉንዲን ይፈልጉት እንደነበር በስፋት ይነገራል። እርሱ ግን ከሌቭስኪ አልወጣም። ደጋፊዎች ይህን የፍቅርና የታማኝነት ምስክር አድርገው ይተርኩታል። በሌላ በኩል በዚያ ዘመን የነበረው የኮሚኒስት መንግሥት ተጫዋቾች ወደ ምዕራብ አውሮፓ ሄደው እንዲቀጠሩ በሩን እንዳልከፈተ መዘንጋት አይገባም። ፍቅሩም እውነት ነበር፤ የተዘጋው በርም እውነት ነበር። ሕዝቡም ከበሩ ወዲህ የራሱን ዕጣ ሲጋራ የኖረውን ልጅ እንደ ቤተሰቡ አየው።

ጉንዲን ያስወደደው ሌላው ነገር ጠባዩ ነው። ተከላካዮች ሊያቆሙት ሲያቅታቸው እግሩን ይመቱት ነበር፤ በጉዳትም ብዙ ተቸግሯል። እርሱ ግን በቀልን የማያውቅ፣ ተነሥቶ ጨዋታውን የሚቀጥል ሰው እንደነበር ይነገርለታል። ይህ ትዕግሥተኛ ተጫዋች በመጨረሻው የሊግ ጨዋታው ከሜዳ መባረሩ እንግዳ አጋጣሚ ነው። እ.አ.አ በጁን 1971 መጨረሻ ሌቭስኪ የዘወትር ተቀናቃኙን ሲኤስኬኤን ሲገጥም ከተጋጣሚው ተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ተሰናበቱ።

ከሁለት ቀናት በኋላ፣ ጁን 30 ቀን 1971፣ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 ቀን 1963 ዓ.ም፣ ጉንዲ ከክለብ ጓደኛው ኒኮላ ኮትኮቭ ጋር በመኪና ከሶፊያ ተነሣ። ኮትኮቭ እ.አ.አ በ1964 የሀገሪቱ ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠ ታዋቂ አጥቂ ነበር። ጉዟቸው በሰሜን ምዕራብ ቡልጋሪያ በምትገኘው ቭራትሳ ከተማ ለሚደረግ የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። መንገዱ የባልካን ተራሮችን በሚያቋርጠው የቪቲንያ በር በኩል ያልፋል። በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ መኪናቸው ከከባድ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ፤ የሁለቱም ሕይወት አለፈ። ጉንዲ 28 ዓመቱን ከደፈነ ገና ሁለት ወር አልሞላውም ነበር።

ሶፊያ በሐዘን ተመታች። በመቶ ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ ሁለቱን ተጫዋቾች ሸኘ። ከሐዘንተኞቹ መካከል የሌሎች ክለቦች ደጋፊዎችም ነበሩ። እ.አ.አ በ1990 የሌቭስኪ ስታዲየም በጊዮርጊ አስፓሩሆቭ ስም ተሰየመ፤ ዛሬም በዚሁ ስም ይጠራል።

ስቶይችኮቭ ለቡልጋሪያ ያስገኘው ድል ከጉንዲ ይበልጣል፤ ይህ የሚካድ አይደለም። ሕዝብ ግን ሰውን የሚመዝነው በዋንጫ ብዛት ብቻ አይደለም። ጉንዲ ሰው እንደ ልቡ መንቀሳቀስ በማይችልበት ዘመን ለሕዝቡ የእሑድ ደስታ ነበር። ሲመቱት ዝም ብሎ ተነሣ፤ ዕድሜው ሳይገፋና ጉልበቱ ሳይደክም ሄደ። ቡልጋሪያውያን በልባቸው ያስቀሩትም ይህንኑ ወጣት ነው።