ትምህርት ያልገባው ልጅ፤ አባ ጊዮርጊስ ዘጋስጫ



በአገራችን ልጅ ቤተሰቡን ሲያስቸግር ወይም ትምህርት አልገባው ሲል ወላጆቹ ለገዳም እንስጠው ማለታቸው የቆየ ነው። ገዳም እንዲህ ያለውን ልጅ ተቀብሎ ምን ያደርገዋል? ይህን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ጋስጫ በእኛው በቦረና ምድር ነው፤ ሆኖም ከመካነ ሰላም ልጆች መካከል የአባ ጊዮርጊስን ስም እንጂ ልጅነቱን የምናውቅ ጥቂቶች ነን።

አባ ጊዮርጊስ የተወለደው በ14ኛው መቶ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። አባቱ ሕዝበ ጽዮን በንጉሡ ድንኳን ከሚያገለግሉት ካህናት አንዱ፣ የተማረና የተከበረ ሰው ነበር። ልጁንም ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አስገባው። ሐይቅ በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስተማረበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማረበት ገዳም ነው። በዚያ ተማሪ ከአባቶች ጋር እየኖረ፣ እየታዘዘና እየሠራ ይማራል።

ጊዮርጊስ ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ትምህርት አልገባው አለ። ባለጌ ወይም አመፀኛ ልጅ አልነበረም፤ የሰማው ቃል ልቡ ላይ አልቀመጥ ብሎት ነው። እኔ ሳስበው የባለጌ ልጅ ዕጣ ከዚህ ይሻላል። ባለጌው አንድ ቀን ይመለሳል ይባላል፤ ትምህርት ያልገባው ግን ቶሎ ተስፋ ይቆረጥበታል።

መምህሩም ልጁ እንደማይሆንለት አይቶ ወደ አባቱ መለሰው። ሕዝበ ጽዮን ግን አልተቀበለም፤ አንድ ጊዜ ለእግዚአብሔር የሰጠውን መልሶ እንደማይወስድ አስታውቆ፣ ባይማር እንኳ መነኮሳቱን እንዲያገለግል ወደ ሐይቅ ሰደደው። አባትየው ጨካኝ ነው የሚል ይኖራል። እኔም መጀመሪያ እንዲያ መስሎኝ ነበር። ገዳሙ ግን በሩን አልዘጋበትም፤ ፊደሉ እምቢ ቢለው ወፍጮ ሰጠው።

ወፍጮ ሲባል የሞተሩን እንዳታስቡ። ተንበርክኮ፣ መጅ ጨብጦ፣ እህሉን በድንጋይ ላይ መፍጨት ነው። በየቤታችን የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ሥራ ሆኖ ስለኖረ ወንድ ልጅ ያፍርበታል። ሴት በማትገባበት ገዳም ግን ወንዶቹ ይፈጫሉ። የንጉሡ ካህን ልጅ እንግዲህ ለመነኮሳቱ እየፈጨ፣ በእመቤታችን ሥዕል ፊት እየቆመ ያለቅስ ነበር። ገድሉ እንደሚተርከው እመቤታችን ተገልጣ የሕይወት ጽዋ አጠጣችው፤ ልቡናውም በራ። እኔ በተለይ ልብ የምለው ጸጋው ያገኘው የት እንደሆነ ነው፤ አንድ ጊዜ ተመለስ በተባለበት ገዳም፣ ዱቄት እንደለበሰ።

ከዚያ በኋላ ያለው የታወቀ ነው። መጽሐፈ ሰዓታትን ደረሰ፤ አርጋኖነ ማርያምም የእርሱ ነው ይባላል። በዐፄ ዳዊት ቤተ መንግሥት ተከበረ፤ ደግሞም ታሰረ። ቢቱ ከሚባል ሰው ጋር በሃይማኖት ተከራከረ፤ በ1416 ዓ.ም. በፈጸመው በመጽሐፈ ምሥጢርም ለእርሱና ለሌሎች መናፍቃን ሰፊ መልስ ጻፈ። ሰባት ዓመት ፊደል እምቢ ያለው ልጅ የጻፈው መጽሐፍ እስከ ዛሬ ለሊቃውንቱ እንኳ ቀላል አይደለም።

መጽሐፉን ከፈጸመ በኋላ ብዙ አልቆየም። በዓሉ ሐምሌ 7 ቀን ይከበራል። ያን ጊዜ ክረምቱ የከፋ፣ መንገዱም ጭቃ ነው፤ ወደ ጋስጫ የሚወርደው ሰው በትሩን ይዞ ይሄዳል።