ኤሚል ፊሸርና የግሉኮስ ቅርጽ

ኤሚል ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1852 በጀርመን፣ ከኮሎኝ ብዙም በማትርቀው በኦይስኪርከን ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በቤተሰቡ የእንጨት ንግድ ለመሥራት ያደረገው ሙከራ ስላልተሳካለት ወደ ቦን፣ ከዚያም ወደ ስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ አቀና፤ በ1874ም በአዶልፍ ፎን ባየር ሥር ዶክትሬቱን አገኘ። በተከታዩ ዓመት ያገኘው ፌኒልሃይድራዚን የተባለው ውሕድ ዝናውንም ሕመሙንም ያመጣበት ነው።

በዚያ ዘመን ስኳሮችን ማጥናት አዳጋች ነበር። አብዛኞቹ ወፍራም ፈሳሽ ሆነው ስለሚቀሩ አጥርቶ አንዱን ከሌላው መለየት አስቸጋሪ ነው። ፊሸር ከ1884 ጀምሮ ስኳሮችን ከፌኒልሃይድራዚን ጋር በማዋሐድ ኦሳዞን የተባሉ ቢጫ ክሪስታሎችን አወጣ። ግሉኮስ፣ ማኖስና ፍሩክቶስ አንድ ዓይነት ኦሳዞን ሰጡ። ይህም ሦስቱ የሚለያዩት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርቦኖች ላይ ብቻ መሆኑን፣ ከሦስተኛው ካርቦን ጀምሮ ያለው አወቃቀራቸው ግን አንድ መሆኑን አሳየ።

የቀረው ጥያቄ የአቶሞቹ የቦታ አቀማመጥ ነበር። ግሉኮስ አቀማመጣቸው በሁለት መንገድ ሊሆን የሚችል አራት ካርቦኖች ስላሉት 16 ቅርጾች ይታሰባሉ። ፊሸር በ1891 ምርጫውን ወደ ሁለት አጠበበ፤ እነርሱም እንደ ቀኝና ግራ እጅ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ናቸው። ከዚያ በላይ ለመለየት የዘመኑ መሣሪያ ስላልፈቀደለት አንደኛውን በግምት መረጠ። ግምቱ ትክክል መሆኑ የታወቀው በ1951 በኤክስሬይ ጥናት፣ እርሱ ከሞተ ከ32 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ በየመማሪያ መጽሐፉ በእርግጠኝነት የሚሣለው ቅርጽ ከዕጣ የማይሻል ምርጫ እንደነበር እምብዛም አይወሳም።

በ1894 ፊሸር ከለውዝ የሚገኝ ኢንዛይም ቤታ የተባለውን የግሉኮስ ትስስር ሲፈታ፣ የእርሾ ኢንዛይም ግን አልፋውን ብቻ እንደሚፈታ ተመልክቶ የኢንዛይምንና የስኳርን ግንኙነት በቁልፍና በጓጉንቸር መሰለው። ምሳሌው ዛሬ ቢሻሻልም ትልቅ ነገር ያስረዳል፤ ስታርችም ሴሉሎስም ከግሉኮስ የተሠሩ ሆነው ሳለ፣ የመጀመሪያው በአልፋ ትስስር ለሰው ኃይል ይሰጣል፤ ሁለተኛው በቤታ ትስስር የዕፀዋትን ግድግዳ ያቆማል፤ የሰው ኢንዛይምም ሊፈታው አይችልም።

በ1902 በስኳርና በፒዩሪን ሥራው የኖቤል ሽልማት ሲቀበል የፌኒልሃይድራዚን መርዝ ጤናውን ጎድቶት ነበር። ሚስቱን በ1895 አጥቷል፤ ከሦስት ወንዶች ልጆቹም ሁለቱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ሞቱበት። እርሱም በሐምሌ 1919 በርሊን ውስጥ አረፈ። የተረፈው ልጁ ሄርማን የካርቦሃይድሬት ኬሚስት ሆነ።