አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፦ ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ የአፍሪካ እግር ኳስ መሪ

በነፋስ መውጫም ሆነ በአርብ ገበያ፣ በወገዳም ሆነ በእስቴ መካነ ኢየሱስ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ብቅ የሚል ሰው ከጨርቅ የተጠቀጠቀ ኳስ የሚያሳድዱ ልጆች አያጣም። አባቶቻችን በገና ሰሞን ሩር በዱላ ሲመቱበት የኖሩት መስክ ዛሬ የእግር ኳስ ሜዳ ሆኗል። ልጆቹም የውጭ አገር ተጫዋቾችን ስም በቃላቸው ይዘረዝራሉ። ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ የአፍሪካን ዋንጫ እንደ ወሰደች፣ ያንንም ቡድን ያሠለጠነው ሰው ማን እንደ ነበረ ስንጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ስለዚህ በዚህ እትም የአቶ ይድነቃቸው ተሰማን የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ ወደድን። ኳስ የማያስደስታቸው አንባብያንም ገጹን ቶሎ እንዳይገልጡት እንለምናለን፤ ታሪኩ ከኳስ ያለፈ ጉዳይ አለበትና።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው በቅኔያቸውና በዜማቸው የታወቁት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የአውቶሞቢል ሙያ የተማሩ፣ በዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እንደ ሆኑ ይነገራል። ልጃቸው የአባታቸውን መሰንቆ አልወረሱም፤ ልባቸው ያዘነበለው ወደ ኳስ ነበር።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አራዳ የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ሲመሠረት ይድነቃቸው ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ። ብዙም ሳይቆዩ ከክለቡ ተጫዋቾች መካከል ተቈጠሩ። ዘመኑ ግን ለጨዋታ የተመቸ አልነበረም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ።

ስለ አምስቱ የወረራ ዓመታት ብዙ የተጻፈው ስለ አርበኞች ተጋድሎ፣ ስለ ግፉና ስለ ጭፍጨፋው ነው፤ ሊሆን የሚገባውም ይኸው ነው። የዘር ሕጉ ወደ ኳስ ሜዳም እንደ ወረደ ግን ጥቂቶች ብቻ ያስታውሳሉ። ኢጣልያውያኑ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይጫወቱ ከለከሉ። ለኢትዮጵያውያን የተለየ ውድድር ተዘጋጀ፤ ቡድኖቹም ስድስት ኪሎ፣ ጉለሌ፣ ኮንሶላታ፣ ቪላ ኢታሊያ እየተባሉ ተሰየሙ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ስሙን ተነጥቆ ሊቶሪዮ ውቤ ሠፈር ተባለ። ሊቶሪዮ የፋሺስቶች ዓርማ መጠሪያ ነው፤ ወጣቶቹ በገዛ ከተማቸው የወራሪያቸውን ምልክት ስም ተሸክመው እንዲጫወቱ ተገደዱ ማለት ነው። ወጣቱ ይድነቃቸው ከ14 ዓመታቸው እስከ 19 ዓመታቸው ድረስ፣ ተጫዋች በሚሠራበት ዕድሜ፣ በዚህ ሥርዓት ሥር ኖሩ። በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ስንመረምር እነዚያን ዓመታት መዘንጋት የምንችል አይመስለንም።

በ1933 ዓ.ም. አገሪቱ ነፃ ስትወጣ ክለቡ ስሙን አስመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1943 የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ሲቋቋም ገና የ20ዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በዓመቱ በተጀመረው ሻምፒዮና ቅዱስ ጊዮርጊስ በአዲስ አበባ ከሚኖሩት የውጭ ማኅበረሰቦች ቡድኖች ጋር ተሰለፈ፤ የኢጣልያውያን ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖች አራራት፣ የግሪኮች ኦሊምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን ነበሩ። ዋንጫውን የእንግሊዞቹ ቡድን ወሰደ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ተከልክሎ የነበረው ነገር፣ ኢትዮጵያዊና ኢጣልያዊ በአንድ ዳኛ ፊት እኩል መቆማቸው፣ በዚህ ዓይነት ተፈጸመ።

አቶ ይድነቃቸው በአጥቂነት ከሃያ ዓመታት በላይ ለአንድ ክለብ ብቻ ተጫወቱ። በሕይወት ታሪካቸው ላይ ዘወትር የሚጠቀሰው ቁጥር 365 ጨዋታና 318 ጎል ነው፤ ለብሔራዊ ቡድንም 15 ጊዜ እንደ ተሰለፉ ይጻፋል። ተጫዋች ሳሉ የፌዴሬሽኑንም ሥራ ይሠሩ ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ድርብ ኃላፊነት ግር ሊያሰኝ ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ሌላ የሚሠራው ሰው አልነበረም።

የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ተገኙ። ኢትዮጵያን የወከሉት አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ወዲያው ለሚጀመረው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ደቡብ አፍሪካ ነጮች ብቻ ያሉበትን ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበትን ቡድን ለመላክ ፈለገች፤ ሁለቱን ቀላቅላ ለመላክ ግን ፈቃደኛ አልሆነችም። የቀሩት ሦስቱ ይህን አልተቀበሉም። ስለዚህ ሦስት አገሮች ብቻ ተወዳደሩ። ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያ ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ አለፈች፤ የካቲት 9 ቀንም በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎሎች ያስቆጠረው አድ ዲባ የተባለው አጥቂ ነበር።

ከአምስት ዓመት በኋላ ሦስተኛው ዋንጫ በአዲስ አበባ ተዘጋጀ። አሠልጣኙ አቶ ይድነቃቸው፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበሩ። ሉቺያኖ በአሥመራ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ክልስ ነው። ኢጣልያዊ አባት እንዲህ ያለውን ልጅ እንዳይቀበል የሚከለክል ሕግ የፋሺስቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1940 አውጥቶ ነበር። ወንድሙ ኢታሎም በቡድኑ ውስጥ ተሰልፏል። እነሆ በዘሩ ምክንያት ሜዳ ተለይቶለት ያደገው አሠልጣኝ የሁለቱን ወገን ደም የያዘውን ልጅ አምበል አድርጎ ወደ ሜዳ ገባ።

ቱኒዚያን 4 ለ 2 አሸንፈው ለፍጻሜ ደረሱ። ፍጻሜው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ በዕለተ እሑድ ነበር። ተጋጣሚያቸው ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው፣ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ናት። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። ኢትዮጵያውያኑ ከአንድ ሰዓት በላይ ደክመው በ74ኛው ደቂቃ በተክሌ ኪዳኔ አማካይነት አቻ ሆኑ፤ ደስታው ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ጎል ገባባቸው። ተስፋ የሚያስቆርጥ ነገር ነበር። በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ እንደ ገና አቻ አደረጋቸው። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው አራተኛውን አስቆጠሩ። ዋንጫውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለአምበሉ ሰጡት። ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ይህን ዋንጫ ደግማ አላነሣችም።

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ክብር ባረፈ ነበር። የአቶ ይድነቃቸው ትልቁ ሥራ ግን የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነው ብንል አንሳሳትም። እ.ኤ.አ. በ1961 የዓለም እግር ኳስ ማኅበር፣ ፊፋ፣ ደቡብ አፍሪካን አገደ። በ1963 ግን ፕሬዚዳንቱ እንግሊዛዊው ሰር ስታንሊ ራውስ ወደዚያ ሄደው ከተመለሱ በኋላ እገዳው ተነሣ። አፍሪካውያኑ ዝም አላሉም፤ በ1964 በቶኪዮ በተደረገው ጉባኤ እገዳው ተመለሰ። ለ1966ቱ የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ሙሉ ቦታ እንኳ ሲነፈግ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ከማጣሪያው ወጡ። ለ1970ው ዋንጫ አንድ ቦታ ተሰጣቸው።

አቶ ይድነቃቸው በ1972 የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። በ1974 በፍራንክፈርት ብራዚላዊው ዣዋ አቬላንዥ ራውስን ሲያሸንፉ የአፍሪካ ድምፅ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ1976 በሞንትሪያል ፊፋ ደቡብ አፍሪካን ከአባልነት አሰናበተ።

በዚያው ወር በዚያው ከተማ የኦሊምፒክ ውድድር ይካሄድ ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካን በመጎብኘቱ ምክንያት ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ ወጡ፤ ኢትዮጵያም ከእነርሱ ጋር ነበረች። ምሩፅ ይፍጠር ሞንትሪያል ላይ ሳይሮጥ ቀረ፤ ሁለቱን ወርቆቹን ለማግኘት እስከ ሞስኮ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረበት። ዕድላቸው በዚያ ያለፈ ሌሎች አትሌቶችም አሉ። ለመርሕ የሚከፈለውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው መርሑን ያወጣው ሰው አይደለም፤ ይህን ሳንናገር የአቶ ይድነቃቸውን ትግል ብቻ ብናወድስ ታሪኩን ጎዶሎ ማድረግ ይሆንብናል።

በሌላም ጉዳይ የማይስማሙባቸው ነበሩ። ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ ክለቦች መፍለሳቸው የአፍሪካን ሜዳ ባዶ ያስቀራል ብለው ስለሚያምኑ፣ በውጭ አገር ከሚጫወቱት መካከል ለአፍሪካ ዋንጫ ከሁለት በላይ እንዳይሰለፉ የሚከለክለውን ደንብ አጥብቀው ይደግፉ ነበር። ደንቡ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቀረ። ለእንጀራው ወደ ፈረንሳይ የሄደ ወጣት ለአገሩ እንዳይሰለፍ መከልከሉ ከባድ እንደ ነበር አንክድም፤ ፍርሃታቸው መሠረት እንደ ነበረው ግን ዛሬ በየአገሩ ሊግ የሚታየው ይመሰክራል።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.፣ በደብረ ታቦር በዓል ዕለት፣ በእኛ አገር ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ችቦ በሚያበሩበት ሰሞን፣ አቶ ይድነቃቸው በ65 ዓመታቸው ዐረፉ። ለ15 ዓመታት የያዙትን የፕሬዚዳንትነት ሥራ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቁም። በደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት ገና አልወደቀም ነበር።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1992 ወደ ዓለም እግር ኳስ ተመለሰች። በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ አዘጋጅታ በጆሃንስበርግ በተደረገው ፍጻሜ ቱኒዚያን 2 ለ 0 አሸነፈች። በካርቱም አንቀላቅልም ያለችው አገር በዚያ ቀን ነጩንና ጥቁሩን ቀላቅላ ተሰልፋ ነበር፤ አምበሏ ኒል ቶቬይ ነጭ ነበር፣ ዋንጫው ሲሰጥም ፕሬዚዳንት ኔልሰን ማንዴላ በቦታው ነበሩ።